እያረጀ የበረታው ማሞቂያ

ከላውንደሪው ጓሮ ጭስ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ነው። ዕለቱ የእረፍት ቀን ስለነበር ላውንደሪው ተዘግቷል። ፀጉር አስተካካዩ ግን እረፍት የሚባል ነገር አይሆንለትም፤ የአንድ ደንበኛውን ጢም ግማሹን ላጭቶ፣ ግማሹን በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ትቶት ሮጠ። የጓሮውን በር በትከሻው ገንጥሎ ሲገባ የሚንቀለቀል እሳት አልጠበቀውም። ያገኘው ውስጥ ለውስጥ የሚጤስ ፍራሽ ነበር፤ ከፍራሹ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከምሳ በኋላ ሸለብ እንዳደረጋቸው ሆነው ተኝተዋል። ጎትቶ ደጅ አወጣቸው። አልነቁም።

ሽማግሌው የላውንደሪው ባለቤት ነበሩ። ሰፈሩ «አባባ ካውያ» ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ሲተኩሱ ኖረው፣ እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው ሥራውን ለታላቅ ልጃቸው አስረክበው ጓሮ ባለችው ክፍል ተቀምጠው ነበር። ዘመናቸውን ሁሉ ከትኩስ ካውያ ጋር የኖሩት ሰውዬ በስተርጅና ብርድ አላስቀምጥ አላቸው።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ጓሮው በሰው ተሞልቷል። «ረጋ በሉ» አለ፣ ማንም ሳይቸኩል። በሄደበት ቦታ ሁሉ ይህችን ቃል ስለሚያስቀድም ባልደረቦቹ በሌለበት «ረጋ በሉ» እያሉ ይጠሩታል። ያውቃል፤ ከፍቶትም አያውቅም።

ክፍሏ ንጹሕ ነበረች። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በደንብ የተተኮሰ ኮት። ከሶኬቱ ተነስቶ በፍራሹ ሥር አልፎ፣ ከአልጋው ማዶ እስካለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚደርሰው ቀጭን ገመድ ከሰል ሆኗል። ማሞቂያው ግን ጥላሸት ከመልበሱ በቀር ደህና ነው፤ ጥምዝምዙ ሽቦም ከሸክላው ላይ አልተነቃነቀም።

የፖሊስ ቴክኒሻኑ ከፊውዝ ሣጥኑ ፊት ተንበርክኮ ነበር።

«ይሄ የሰው እጅ ነው» አለ ዞር ብሎ። «ፊውዝ ማለት ከረንቱ ከመጠን ሲያልፍ ቀልጦ መብራቱን እንዲያጠፋ የሚደረግ ቀጭን ሽቦ ነው። እዚህ ግን አንድ ሰው ቀጭኑን አውጥቶ ወፍራም መዳብ ከቶበታል። በዚህ በኩል ቤቱ እስኪነድ ድረስ መብራት አይጠፋም።»

ታላቅ ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። በብዙ ዓመት እርጥበት የተሸበሸቡ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«በዚህ ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው ማነው?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«የእህቴ ባል ነው። ኤሌክትሪሺያን ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አምፖል እንኳ መቀየር አልችልም።» ዓይኑን ወደ አባቱ ባዶ አልጋ መለሰ። ኢንስፔክተሩም የሐዘን ቤት ነው ብሎ ከዚያ በላይ አልገፋበትም።

ፀጉር አስተካካዩ በበኩሉ ሳይጠየቅ ነው የተናገረው። ወሬ ይዞ ማደር አይችልበትም።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ይከብደኛል እንጂ በቅርቡ አማቹና አባባ ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹ይሄ ነገር አንድ ቀን ይገድልዎታል!› አላቸው፣ በጩኸት።»

«አባባስ ምን አሉ?»

«ውጣልኝ አሉት። አባባ እኮ ከማንም ጋር አይጣሉም ነበር! ሱቄ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቤቱን በሳቅ የሚያፈርሱ ሰው ናቸው። ባለፈው እንኳ፣ ‹አንተ፣ ማሞቂያዬ ከእኔ ይሻላል። እኔ ሳረጅ ደከምኩ፣ እሱ ሲያረጅ በረታ። አምና ጉልበቴን እንኳ አያሞቀኝም ነበር፤ ዘንድሮ ብርድ ልብሴን አስጣለኝ› ብለው አሳቁን። ዛሬ ደግሞ…»  ጠጉር የተጣበቀበትን ፎጣ ፊቱ ላይ አደረገ።

ኢንስፔክተሩ ጭቅጭቁን በልቡ መዘገበ። ቀልዱን ግን በአንድ ጆሮው አስገብቶ በሌላው አወጣው። አማቹም በማግስቱ ከቀብር መልስ ተያዘ።

አለቃው በጣም ደስ አለው። «ተጠርጣሪው ኤሌክትሪሺያን፣ መሣሪያው ኤሌክትሪክ፣ ዛቻውን የሰማ ምስክር አለ። ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

ኢንስፔክተሩ የሚፈልገውን ራሱም አላወቀውም። ብቻ ነገሩ አልዋጥልህ አለው።

አማቹ ረጅም፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። የጫማውን ክርና ቀበቶውን ስለወሰዱበት ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ነበር የሚያወራው።

«እዚያ ሣጥን ውስጥ እኔ ያስገባሁት የስድስት አምፔር ፊውዝ ነው። ማሞቂያው የሚስበው አምስት ነው። ለትንፋሽ ያህል አንድ ትርፍ ሰጠሁት፤ በቃ።»

«ታዲያ ወፍራሙ ሽቦ ከሰማይ ወረደ?»

«እኔ እንጃ። ጌታዬ፣ ሚስቴ የምትወጣ የምትገባበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ሽቦ አስገብቼ እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«‹ይገድልዎታል› ብለሃል።»

«ብያለሁ!» አለና ድምፁን መልሶ ዝቅ አደረገ። «ብርዱ ሲገባ የጓሮው ፊውዝ መቃጠል አበዛ። ሁለቴ ጠርተውኝ ቀየርኩ። ሁለተኛው ቀን ሶኬቱን ስነካው ይፋጃል። ገመዱ ደግሞ በፍራሽ ሥር ነው። ማሞቂያውን ልይልዎ ብላቸው፣ ‹ወስደህ ልታስቀርብኝ ነው› ብለው ተቆጡ፤ አላስነካ አሉኝ። እኔም ተናደድኩ፣ ጮህኩ። በኋላ ግን፣ ፊውዙ ስድስት ነው፣ ቢበዛ መብራት ይጠፋባቸዋል እንጂ ምንም አይሆኑም ብዬ ሄድኩ።» የያዘውን ሱሪ ሳብ አደረገ። «መሄድ አልነበረብኝም።»

እስረኛ ሁሉ ምክንያት አያጣም፤ ኢንስፔክተሩ ብዙ ምክንያት ሰምቷል። ይሄኛው ግን ራሱን ለማዳን ከመናገር ይልቅ ራሱን መውቀስ ይዞ ነበር። እሱ ነው የከነከነው።

ከቢሮው ሲወጣ የአባባ ካውያ ሴት ልጅ፣ የእስረኛው ሚስት፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። መውለጃዋ ደርሷል። ጭኗ ላይ ሰማያዊ ክዳን ያለው ምሳ ዕቃ ይዛለች፤ ዘበኛው ፈትሾ እስኪያስገባላት ትጠብቃለች።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች፣ ልትነሳ እየሞከረች።

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ።»

«አባቴን ቀበርኩ። ከመቃብር ስመለስ ደግሞ የገደለው ባልሽ ነው አሉኝ። ለማን ነው የማለቅሰው? ወንድም ጋሼ እንኳ፣ እሱ ያሳደገኝ ሰው፣ ዓይኔን አያየኝም። ይሄ የሚወለደው ልጅ ነገ ‹አያትህን ማን ገደለው?› ሲሉት ምን ብሎ ይመልስ?»

ኢንስፔክተሩ «ረጋ በይ» ሊላት አፉን ከፈተ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ቃሉን ሳይናገር መልሶ ዘጋው።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ከእሳቱ ጥቂት ቀናት በፊት ከላውንደሪው የተባረረች ሴት በዚያው ከሰዓት በኋላ በር ላይ ስታንዣብብ አይቷታል።

«ምን ነበር ሥራዋ?» አለ አዲሱ ፖሊስ።

«ተኳሽ ነበረች።»

ፖሊሱ ከወንበሩ ብድግ አለ። ኢንስፔክተሩ ልብስ ነው የምትተኩሰው ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

ተኳሿ ስትመጣ ነገሯን ይዛ ነው የገባችው። «ሽርጤን ልወስድ ሄጄ፣ ዝግ ሆኖ አግኝቼ ተመለስኩ። ቀጥታ ታናሽ እህቴ ጋ ሄድኩ፤ ሰርግ ነበራቸው፤ የሰርጉ ቪዲዮ ላይ ጀርባዬ ሳይቀር አለ። ደግሞ እኔ አባባን? የአንዷን ደንበኛ ቀሚስ አቃጥዬ የተጣላሁት ከልጃቸው ጋር ነው። አባባማ በዚያ እግራቸው እስከ በር ሸኝተውኛል።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ቪዲዮው ታየ። እውነትም ጀርባዋ ሳይቀር አለ፤ የምትጨፍረው እሳቱ የተነሳበትን ሰዓት የሚያሳይ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሥር ነው። ይሄም መንገድ ተዘጋ። ኢንስፔክተሩ ግን ሳያሰናብታት አንድ ነገር ጠየቃት።

«የጓሮው መብራት እየጠፋ ያስቸግር ነበር?»

«ኧረ ስንቴ! አባባ ማሞቂያቸውን ሲያበሩ ትንሽ ይቆይና ድርግም! ሁለቴ አማቹ መጣ። ከዚያ በኋላ ግን አልጠራነውም።»

«ለምን?»

«መጥፋቱን ተወዋ! አንድ ቀን ጠፋ፣ ብዙም ሳይቆይ በራ። ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም። እኛ ከፊት ነው የምንሠራው፤ ጓሮ ማን ምን እንደሚያደርግ አናይም።»

አማቹ ካልተጠራ ፊውዙን የነካው ሌላ እጅ ነው። ኢንስፔክተሩ ይህን ይዞ ወደ ቴክኒሻኑ ክፍል ወረደ። ማሞቂያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ሽቦው ላይ ምን አገኘህ?»

«ምንም። ሃያ ሁለት ኦም ይላል፤ አልተበጠሰም፣ ከቆርቆሮውም ጋር አልተነካካም። ጤነኛ ነው» አለ ቴክኒሻኑ። ከፊቱ የተከመረ ሌላ ሥራ ስለነበረው ቀና አላለም።

ኢንስፔክተሩ ማሞቂያውን አገላበጠው። ሆዱ ላይ ያለውን ጥላሸት በአውራ ጣቱ ሲጠርገው 220 ቮልት፣ 1100 ዋት የሚል ጽሑፍ ወጣ። ፊቱን ደግሞ በመስኮቱ ብርሃን አየው። ጥምዝምዙ ሽቦ እዚህም እዚያም ተቋጥሯል። ቋጠሮዎቹ ያምራሉ፤ የእያንዳንዱ ጫፍ እጥፍ ብሎ ወደ ውስጥ ተመልሷል። ጣቱን ቢያስኬድበትም አንዱም አልቧጨረውም። የፊውዙን ወፍራም ሽቦ ከፖስታው አውጥቶ አየው። የእሱም ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

የኢንስፔክተሩ ሚስት የፊዚክስ መምህርት ናት። ምሽት ላይ እሷ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች፣ እሱ በኤሌክትሪክ ምድጃቸው ላይ ሻይ ያፈላል።

«ሃያ ሁለት ኦም ብዙ ነው ትንሽ?» አላት፣ ዳር ዳር ሳይል።

«ለምኑ? ቁጥር ብቻውን ምን ያወራል?»

«ለማሞቂያ። ሆዱ ላይ 220 ቮልት፣ 1100 ዋት ይላል።»

«እንግዲያው ዋቱን ለቮልቱ አካፍለው።»

ኢንስፔክተሩ ማንኪያውን ይዞ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «…አምስት።»

«አምስት አምፔር። ሲሠራ የሚያልፍበት ከረንት እሱ ነው። አሁን ደግሞ ቮልቱን ለአምስቱ አካፍል።»

«አርባ አራት።»

«አርባ አራት ኦም። ከፋብሪካ ሲወጣ ሬዚስታንሱ ይሄ ነበር። አንተ የለካኸው ስንት ነው አልከኝ?» ቀይ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ግማሹ። ደክሟል ማለት ነዋ፤ አርጅቷል።»

«ይኸውልህ! ክፍል ውስጥም እንዲህ ብለው ነው የሚያበግኑኝ። ሬዚስታንስ ማለት ሽቦው ከረንቱን አታልፍም የሚልበት እምቢታ ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ቮልት ያው ነው። እምቢታው በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ይሆናል። ሁለት መቶ ሃያን ለሃያ ሁለት ብታካፍል አሥር አምፔር። አሥሩን በሁለት መቶ ሃያ ብታባዛ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት። አልደከመም ጌታው፤ በርትቷል!»

ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። የአባባ ካውያ ቀልድ፣ በሌላው ጆሮው ያስወጣው፣ ተመልሶ መጣ። እኔ ሳረጅ ደከምኩ፣ እሱ ሲያረጅ በረታ።

«እንዴት አድርጎ ነው ማሞቂያ እያረጀ የሚበረታው?»

ሚስቱ መልስ ሳትሰጥ በእስክሪብቶዋ ምድጃውን አመለከተችው። «ይሄን ማን ጠገነው?»

«እኔ ነኝ።» ደረቱን ነፋ ማድረጉ አልቀረም። «ሽቦው ተበጥሶ የተቃጠለውን ቆርጬ ጣልኩ፣ የቀረውን ሳብ አድርጌ ቋጠርኩት።»

«‹የኔ እጅ ሲነካው ውሃ እንኳ ቶሎ ይፈላል› ብለህ ስንት ቀን አወራህ?»

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ማንኪያውን አነሳ።

«ቶሎ የሚፈላው ሽቦውን ስላሳጠርከው ነው። ሲያጥር እምቢታው ይቀንሳል፣ ከረንቱ ይጨምራል። የአንተ ትንሽ ስለሆነ ተረፍን። ደጋግሞ የቆረጠ ሰው ግን ግማሽ ሊደርስ ይችላል።»

«ሁሉም ሰው እኮ እንደዚህ ነው የሚጠግነው።»

«ሁሉም ሰው። ለዚያ ነው እኔ በየዓመቱ የምለፈልፈው» አለች። ፊቱን ስታይ ቀልዱን ተወችው። «ገመዱ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀጭን። በፍራሽ ሥር ያለፈ።»

«አሥር አምፔር ተሸክሞ? ከረንት እጥፍ ሲሆን የገመዱ ሙቀት አራት እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ፍራሽ ደርበህለት።» ራሷን ነቀነቀች። «ፊውዝ አልነበረውም?»

«ስድስት ነበር። አንድ ሰው አውጥቶታል።»

«ስድስቱማ እየቀለጠ አስቸግሮት ነዋ።»

ኢንስፔክተሩ የሻዩን ነገር ረሳው። መልሱ ግማሽ ላይ ደርሷል፤ ግማሹ ቀርቷል። ይህን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ሆን ብሎ ሽቦ አሳጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ቋጠሮዎቹ ግን ወደ ዓይኑ መጡ። ሰው ሊገድል የተነሳ እጅ የሽቦ ጫፍ ወደ ውስጥ አያጥፍም። ጫፍ የሚያጥፈው እንዳይቧጭር የሚጠነቀቅ እጅ ነው፤ ደግሞም ከልምድ ብዛት ሳያስበው የሚያደርገው እጅ።

ጠዋት ኮቱን በክንዱ ይዞ ላውንደሪው ገባ። ታላቅየው ብቻውን ነበር። ከስቷል፤ ጢሙም አድጓል።

«ይታጠብልኝ» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ኮቱን ባንኮው ላይ አድርጎ።

ታላቅየው ጥያቄ አላበዛም። ከሣጥን አንዲት የቆርቆሮ ቁጥር አነሳ፣ በቀጭን ሽቦ በኮቱ የቁልፍ ቀዳዳ አሳልፎ ጠመዘዛት። ከዚያ ሳያያት፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር፣ የሽቦዋን ጫፍ እጥፍ አድርጎ ወደ ውስጥ መለሳት።

«ጫፏን ለምን ያጥፏታል?»

«የሰው ልብስ እንዳትይዝ። ልጅ ሆኜ የአንዲት ሴትዮ ሐር ቀሚስ አስቧጨርኩና አባባ አጠገባቸው አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲያሳጥፉኝ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አያያዝ አላውቅም።»

ኢንስፔክተሩ ከፖስታው ጥምዝምዙን ሽቦ አውጥቶ ከኮቱ ጎን አስቀመጠ። ከእሱ ጎን ወፍራሙን የፊውዝ ሽቦ አስቀመጠ። 

ታላቅየው ሦስቱንም ጫፎች አየ። ልብስ ማጠቢያው ማሽን ከኋላ መዞሩን ጨርሶ ቆመ። እጆቹን ወደ ኪሱ ሊልክ ጀመረና መሃል ላይ ተዋቸው።

«አምፖል መቀየር አልችልም ብለውኝ ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ።

«ብርዱ ሲገባ ሽቦው ተበጠሰ።» ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «‹በረደኝ ልጄ› አሉኝ። የእህቴን ባል ልጥራ ስላቸው፣ እሱ ይሄ አርጅቷል ብሎ ይጥለዋል አሉ። እናቴ የገዛችላቸው ማሞቂያ ነው፤ ከዓይናቸው እንዲርቅ አይፈልጉም። እኔም የተቃጠለውን ቆርጬ ጣልኩና የቀረውን ቋጠርኩት። ሲበራ ከበፊቱ ይበልጥ ቀላ! አባባ እጃቸውን ዘርግተው፣ ‹አሁን ገና ሞቀኝ፤ እጅህ ይባረክ› አሉኝ። ሌላ ጊዜም ተበጠሰ። ቆረጥኩ። መረቁኝ። ደግሞም ተበጠሰ…»

«ፊውዙስ?»

«ሲጠፋባቸው እንደ ሕፃን ይጨነቁ ነበር። ከአሮጌ ገመድ ሽቦ መዝዤ ከተትኩበት። መጥፋቱን ሲተው አስተካከልኩት ብዬ ኮራሁ።» ባንኮውን በሁለት እጁ ያዘ። «ጌታዬ፣ ሽቦው ሲያጥር ጉልበቱም የሚያንስ ነበር የሚመስለኝ። ቀላ ማለቱን ደግሞ እጄ ነው አልኩ።»

ኢንስፔክተሩን የራሱ ምድጃ ትዝ አለው፤ ደረቱን የነፋበት። ቢሆንም መጠየቅ የነበረበትን ጠየቀ። «መቼ አወቁ?»

«ያ ሰውዬ ‹የሰው እጅ ነው› ሲልዎት። እጄን ኪሴ ከተትኩ። እርስዎ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ማነው አሉኝ፤ እውነቱን ነው የመለስኩት። ከዚያ የእህቴን ባል ወሰዱት። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ አባቱን የገደለ መባል… አፌ አልከፈት አለኝ።» ከዚያ በኋላ አለቀሰ። ያለቀሰው እንደ ትልቅ ሰው አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ እስኪወጣለት ጠበቀው። «እህትዎ ይሄን ከእኔ አፍ እንድትሰማው አልፈልግም» አለው በመጨረሻ።

ታላቅየው ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ማሽኑን ከሶኬት ነቀለ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ የላውንደሪውን በር ቆለፈ። ቁልፉን ለፀጉር አስተካካዩ ሲሰጠው ያ ወሬኛ ሰው ፊቱን አይቶ ምንም አልጠየቀም።

እህቱ እንደወትሮዋ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ነበረች፤ ሰማያዊ ክዳኑ ምሳ ዕቃ ጭኗ ላይ።

«ወንድም ጋሼ?» አለች፣ ከኢንስፔክተሩ ጋር ሲመጣ ስታየው።

አልተቀመጠም። ቆሞ ነው የነገራት፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ምርቃቱ፣ ስለ ፊውዙ፣ በመጨረሻ ስለ ዝምታው። ምንም አላስቀረም። እሷ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እስኪጨርስ ሰማችው።

«አባባ ሞቋቸው ነበር?» አለች።

«በጣም። ብርድ ልብሳቸውን ይጥሉ ነበር።»

እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ሽቦውን ስለቆረጥክ አልቀየምህም። ‹በረደኝ› ቢሉኝ እኔም እቆርጠው ነበር። ግን በየቀኑ እዚህ ስመላለስ እያየኸኝ ነበር ወንድም ጋሼ። ይሄን ሆድ ተሸክሜ። እሱን እንዴት አድርጌ ልርሳልህ?»

 

በዚህ መሃል የውስጠኛው በር ተከፈተና ባሏ ተፈቶ ወጣ። ቀበቶውንና የጫማውን ክር በእጁ ይዟል፤ ማሰሪያ ጊዜ እንኳ አልፈለገም። ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ታላቅየውን አየ፣ ከዚያ የኢንስፔክተሩን ፊት አየ፤ ነገሩ ገባው። ታላቅየው አንገቱን ደፋ። አማቹም ዓይኑን ከእሱ ላይ አነሳ። ማሞቂያውን በግድም ቢሆን ከአባባ እጅ ሳይወስድ መሄዱ አሁንም የሚያንገበግበው ይመስላል።

«ና እንሂድ» አለችው ሚስቱ።

እሱም እንደለመደው እጁን ወደ ምሳ ዕቃው ዘረጋ። እሷ ግን ምሳ ዕቃውን በተዘረጋው እጁ አጠገብ አሳለፈችው።

«አንተ ቤት ትበላለህ» አለችው።

ከዚያ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ምሳ ዕቃውን በወንድሟ የተሸበሸቡ እጆች ላይ አስቀመጠችው። ዓይኑን አላየችውም። ክዳኑ በደንብ መገጠሙን ዙሪያውን በጣቷ ዳብሳ አረጋገጠች።

«ሳይበርድ ብላው» አለችው።